እፎይ አትበሉ፦ የድሮ ሪባን ማይክ ፈቶ የመጠገን ዘዴ

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። እዚህ ለንደን፣ እሁድ ጠዋት አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ሜዳ ላይ ሬስሎ የሚባል አንድ የድሮ ሪባን ማይክ አገኘሁ። ሻጩ "አይሠራም፣ ለጌጥ ነው" አለኝ። ገዛሁት። ቤት ወስጄ ፈታሁት፣ የውስጡን ሪባን፣ ማለትም ድምፅ የሚቀበለውን ስስ የአልሙኒየም ቅጠል፣ አውጥቼ ጣልኩ፣ አዲስ ቆርጬ ሦስት ማታ ታግዬ ገጠምኩት። የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቄ ቀና አልኩና "እፎይ!" አልኩ። ሪባኑ ከመሃል ተቀዶ ብን አለ። የሦስት ማታ ሥራ በአንድ ትንፋሽ ሄደ።

የባሰው ግን ይሄ አይደለም። በኋላ ሳጣራ የመጀመሪያው ሪባን ጤነኛ ነበር። ማይኩን ዝም ያሰኘው መሰኪያው ውስጥ የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ነበረች። የአምስት ደቂቃ ሥራ!

ስለዚህ ይሄን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ስህተት ቅደም ተከተል ነው። ሪባኑን የመጨረሻ ተጠርጣሪ አድርጉት። "ሞቷል" ተብለው እጄ የገቡት ማይኮች ላይ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የተገኘው፤ ገመዱ ላይ፣ መሰኪያው ላይ፣ የዛገ ማያያዣ ላይ፣ ወይም ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበ የብረት ብናኝ ላይ።

ምን እንደምትፈቱ እወቁ

የሪባን ማይክ አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለት የማግኔት ከንፈሮች መካከል አንዲት ቀጭን የአልሙኒየም ቅጠል ተንጠልጥላለች። ድምፅ ሲመጣ አየሩ ቅጠሏን ያወዛውዛታል፣ እሷም በማግኔቱ መካከል ስትወዛወዝ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያቺ ትንሽዬ ጉልበት ወደ ትራንስፎርመር ትገባና ቮልቴጇ ሠላሳ እጥፍ ገደማ አድጎ በገመዱ ይወጣል። በቃ፣ ይሄው ነው። ትራንዚስተር የለ፣ ባትሪ የለ።

ቅጠሏ ምን ያህል ቀጭን ናት? አብዛኞቹ ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ናቸው። ለቢቢሲ የተሠራው 4038 የሚባለው ማይክ ደግሞ 0.6 ማይክሮን ነው የሚይዘው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ እናንተው አስሉት። ሪባኗ በርዝመቷ ተሸንሽናለች፣ ልክ እንደ ሽንሽን ቀሚስ። ሽንሽኑ ነው እንድትለጠጥና እንድትመለስ የሚያደርጋት።

ሐሳቡን በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሾትኪና ጌርላክ አመጡት። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አርሲኤ የሚባለው የሬዲዮ ኩባንያ ባለሙያ ሃሪ ኦልሰን ለሬዲዮ ጣቢያ የሚሆን አደረገው። ሬስሎ እንግሊዛዊ ነው፣ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ዕቃ። ቢትልሶች ሊቨርፑል ካቨርን ክለብ ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ የተነሱትን ፎቶ ብታዩ ከፊታቸው የቆመችው እንክብል መሳይ ማይክ ሬስሎ ናት። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በዋናነት ስለ ሬስሎ ነው፣ ግን አሠራሩ ለአብዛኞቹ የድሮ ሪባኖች ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ። እጃችሁ የገባው አርሲኤ 44 ወይም 77 ከሆነ፣ በተለይ ከፋብሪካ ከወጣበት ሪባን ጋር ከሆነ፣ እባካችሁ አትክፈቱት። ከነገሩ ጦም እደሩ። ይሄን ብቻ ሥራቸው ያደረጉ ባለሙያዎች አሉ፣ ለእነሱ ላኩት። ልምምድ የሚጀመረው ቢበላሽ በማያስለቅስ ዕቃ ነው።

ሳትከፍቱ የምታደርጉት ምርመራ

ገመዱን ቀይሩ። የምሬን ነው፣ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። የሬስሎ መሰኪያ የዛሬው ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ) አይደለም፣ የራሱ የሆነ አሮጌ መሰኪያ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ገመድ ሃምሳ ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ጎማው የደረቀ፣ ሽቦው ውስጥ ውስጡን የተበላ ሊሆን ይችላል። ገመዱን በቴስተር ጫፍ ከጫፍ ለኩ። እያጠፋችሁና እያዘነበላችሁ ለኩ፣ ምክንያቱም የተበጠሰ ሽቦ አንዳንዴ ሲታጠፍ ይገናኛል።

ቀጥሎ ከማይኩ መውጫ ላይ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ለኩ። በዚህ የምታገኙት የትራንስፎርመሩን የውጪ ጥቅል ነው፤ ሪባኑን ገና አላያችሁትም። ጥቂት ኦም ወይም አሥር ቤት ካሳየ ጥቅሉ ደህና ነው። ምንም ካላሳየ ወይ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል ወይ ደግሞ በመካከል ሽቦ ተበጥሷል፣ እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው። ለዚህ ሥራ ዲጂታል ቴስተር ተጠቀሙ። ባለመርፌው አሮጌ ቴስተር በዝቅተኛው የኦም ክልል ብዙ ከረንት ይልካል፣ ሪባን ላይ ስትደርሱ ጉድ ይሠራችኋል።

ከዚያ ጆሮ ነው። ሚክሰራችሁ ላይ 48 ቮልቱን፣ ማለትም ሚክሰሩ በገመዱ በኩል ለማይክ የሚልከውን ኤሌክትሪክ፣ አጥፉ። ጠፍቶ እንደሆነ እንደገና እዩ። ማይኩን ሰክታችሁ አንድ ክንድ ርቃችሁ አውሩ። ፊቱ ላይ "ፉ ፉ፣ ሄሎ፣ ፈተና" የሚባለውን የሠርግ ቤት ልማድ እዚህ እርሱት፣ በፉታ የተገደለ ሪባን ቁጥር ስፍር የለውም። ምን ሰማችሁ?

ጭርሱን ዝም ካለ ሽቦ፣ መሰኪያ ወይም የተቀደደ ሪባን ነው። የሚንኮሻኮሽ፣ የሚፈጭ ነገር ካለው ሪባኑ የማግኔቱን ከንፈር እየነካ ነው፤ ወይ ብናኝ ገብቷል ወይ ሪባኑ ረግቧል። "ሁምምም" የሚል ካለ የመሬት ሽቦው ተለቋል። የወፍራም ድምፅ ጠፍቶ ቀጭን ብቻ ከሆነ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሲከፈት ይታያል።

ድምፁ ጥሩ ሆኖ ግን በጣም ዝቅ ያለ ከሆነስ? ይሄኔ ቆም በሉ። ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ሬስሎው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ኤል የሚል ፊደል ካያችሁ መውጫው ከ30 እስከ 50 ኦም ነው፣ ለዛሬ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ድምፅ ለሚያጎላው ክፍል) ዝቅ ይላል። ሪባን በባሕርዩ ስልሳ ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ማጉላት ይፈልጋል። ርካሽ ሚክሰር እዚያ ደረጃ ሲደርስ "ሽሽሽ" ይላል፣ ሰው ማይኩን ይወቅሳል። የተሻለ ፕሪአምፕ ያለው ወዳጅ ጋ ሄዳችሁ ሳትሞክሩ ካቻቢቴ አታንሱ።

ጠረጴዛው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚወድቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ እዚህ ግን ያፈሰሱት አይለቀምም።

ማግኔት ያለበትን ዕቃ ልትከፍቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለች እያንዳንዷ የብረት ብናኝ ወደ እሱ ትሮጣለች፣ ከገባች ደግሞ መውጣት አትወድም። ብረት የሚቆረጥበት ወይም የሚሞረድበት ቤት ውስጥ በፍጹም አትሥሩ። እኔ የምሠራው ማዕድ ቤት ነው፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ወልውዬ ነጭ ወረቀት አነጥፍበታለሁ። ጨርቅ አታንጥፉ፣ በተለይ ጋቢ ነገር፤ ክሩ ይበናል። መስኮት ይዘጋ፣ ፋን ይጥፋ፣ ልጆች ይተኙ። ከኮቪድ ጊዜ ከተረፈው ማስክ አንዱን አድርጉ። ማስኩ ለእናንተ ጤና ሳይሆን ሪባኑን ከትንፋሻችሁ ለማዳን ነው። እኔ ያቺን "እፎይ" ካልኩ ወዲህ ያለ ማስክ ከፍቼ አላውቅም።

ዕቃዎቹ፦ ብሎኑን በልኩ የሚሞላ ካቻቢቴ፣ የናስ ወይም የፕላስቲክ ወረንጦ፣ የእንጨት ስቴኪኒ፣ ፖስተር ግድግዳ ላይ የሚያጣብቁበት እንደ ሊጥ ያለ ማጣበቂያ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ባትሪ መብራት፣ ዲጂታል ቴስተር። የብረት ወረንጦ አታቅርቡ። ማግኔቱ ከእጃችሁ ነጥቆ ሪባኑ ላይ ይሰካዋል፤ እኔን ስለገጠመኝ ነው የምላችሁ። ካቻቢቴ ብረት መሆኑ አይቀርም፣ ስለዚህ ከማግኔቱ አጠገብ ብሎን ስትፈቱ በሪባኑ ላይ ወፍራም ካርቶን ሸፍኑ፣ ካቻቢቴውንም በሁለት እጅ ያዙ።

የብሎኖቹ ማስቀመጫ የእንቁላል ካርቶን ይሁን። አንድ ጉድጓድ ለአንድ ደረጃ።

አከፋፈት

እያንዳንዷን ነገር ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የሽቦ ቀለም፣ የትኛው ጎን ፊት እንደሆነ፣ ብሎኑ ምን ያህል እንደገባ፣ ሁሉንም። ማይኩ ላይ ፊትና ጀርባውን በእርሳስና በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ፊቱ ከተገላበጠ በኋላ ከሌላ ማይክ ጋር ሲቀላቀል ድምፁ ይሳሳል።

ገገማ ብሎን ካለ አትታገሉት። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ አድርጉበትና ለነገ ተዉት። በስፕሬይ በፍጹም፣ ወደ ውስጥ ይረጫል። የድሮ እንግሊዝ ዕቃ ብሎን ደግሞ ቢኤ የሚባል የራሱ የጥርስ ልክ አለው። አንዷ ብትጠፋባችሁ ከጓዳ ያገኛችሁትን ሜትሪክ ብሎን እየጠመዘዛችሁ አታስገቡ፣ ክሩን ትበሉታላችሁ። ቢኤ ብሎን ዛሬም ይሸጣል።

ወንፊቱ ሲወጣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ወደ ጎን አታንሸራቱት። ከወንፊቱ ጀርባ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይኖራል። አሮጌ ስፖንጅ ሲነኩት ይፈርሳል፣ የሚጣበቅ ዱቄት ይሆናል፣ ያ ዱቄት ሪባን ላይ ከወረደ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ማይኩን አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ክፈቱ። ወንፊቱን ለብቻው ወስዳችሁ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። የፈረሰውን ስፖንጅ ጣሉ፣ በምትኩ አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይሁን። ወፍራም ካደረጋችሁ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ሬስሎ ውስጥ ሆን ተብለው ድምፁን ለማስተካከል የሚገቡ ትንንሽ ፓዶችም ታገኙ ይሆናል፣ እነሱን ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉ።

መብራት ከጀርባ

አሁን ሪባኑ ይታያል። አትንኩት። ባትሪ መብራቱን ከጀርባ አብሩና ከፊት በአጉሊ መነጽር እዩት። በሪባኑ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች መታየት አለባቸው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ። ለኔ ከማንኛውም መለኪያ በላይ የሚነግረኝ ይሄ ነው።

መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ እዚያ ጋ ብናኝ አለ፣ ወይም ሪባኑ ከንፈሩን ነክቷል። አንዱ መስመር ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ሪባኑ ወደ ጎን ሄዷል። ከጎን ስታዩት እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሆዱ ወደ ፊት ከወጣ ረግቧል።

ብናኙን የምታወጡት በዚያ ሊጥ መሳይ ማጣበቂያ ነው። ስቴኪኒው ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል አድርጉ፣ ሹል አድርጋችሁ አሹሏት፣ ብናኙን ነክታችሁ አንሱ። ከሪባኑ ወደ ውጪ ነው የምትጎትቱት፣ ወደ ሪባኑ አይደለም። የታመቀ አየር ቆርቆሮ እንዳታስቡት፣ የመጥረጊያ ማሽንም እንደዚያው። ይሄ ሥራ አንድ ሰዓት ቢወስድ አይግረማችሁ፣ እኔ አንዱን ማይክ በሁለት ማታ ነው የጨረስኩት። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጥገናው እዚህ ላይ ያልቃል! ብናኙ ወጣ፣ መስመሩ ተስተካከለ፣ ማይኩ ተናገረ።

ማግኔቱን ከከንፈሮቹ ለያይታችሁ ማጽዳት የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት። የድሮ ማግኔት ከብረቱ ሲለይ ጉልበቱን ያጣል፣ መልሳችሁ ብትገጥሙትም እንደ ድሮው አይሆንም።

ማያያዣውና ሽቦው

ሪባኑ ከላይና ከታች በትንንሽ ብረቶች ተቆንጥጦ ነው የተያዘው። አልሙኒየም በተለመደው ሶልደር አይያዝም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በቁንጥጫው ብቻ ነው። ስልሳ ዓመት ሲያልፍ እዚያ ላይ ዝገትና ቅባት ይቀመጣል። የሪባኑ ተቃውሞ ከአንድ ኦም በታች ስለሆነ ቁንጥጫው ላይ የምትጨመር ግማሽ ኦም እንኳ ድምፁን በግልጽ ትቀንሰዋለች።

ለመለካት መጀመሪያ ከሪባኑ ወደ ትራንስፎርመሩ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ንቀሉ። ካልነቀላችሁ ቴስተሩ በትራንስፎርመሩ በኩል ዞሮ "ደህና ነው" ይላችኋል፣ ሪባኑ ተበጥሶ እንኳ። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካኩና ስንት እንደሚል ጻፉ፤ 0.2 ወይም 0.3 ይሆናል፣ እሱ የገመዱ ነው። ቀጥላችሁ ቁንጥጫዎቹን ነክታችሁ ለኩ፣ የመጀመሪያውን ቀንሱ። ሪባኑ ንቅንቅ ሲል ብታዩ አትደንግጡ፣ ከቴስተሩ የመጣው ትንሽ ከረንት ነው። ረጅም ጊዜ ግን አትቆዩበት።

ቁጥሩ ከፍ ካለ የቁንጥጫውን ብሎን በጣም ትንሽ፣ የሰዓት መርፌ አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቁና እንደገና ለኩ። ወረደ? እንግዲያው ችግሩ እዚያ ነበር።

ሽቦ መልሳችሁ ስትበይዱ ካውያው ከማግኔቱ ይራቅ። ጫፉ በብረት የተለበጠ ነው፣ ማግኔቱ ይስበዋል። ሪባኑን በካርቶን ሸፍኑ፣ ከሶልደሩ የሚፈናጠረው ትኩስ ጠብታ ሪባኑን ቀዶ ያልፋል።

ሪባኑ በእርግጥ ከተቀደደ

እሺ፣ ሁሉም ተሞክሮ እዚህ ደረስን። አሮጌውን ሪባን አትጣሉ፣ በተጣጠፈ ወረቀት መካከል አስቀምጡት። የስፋቱ፣ የርዝመቱና የሽንሽኑ ልክ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ያንን ነበር የጣልኩት።

ቅጠሉ ከየት ይገኛል? ማዕድ ቤት ያለው ፎይል ከ10 ማይክሮን በላይ ነው፣ ለሪባን ዝሆን ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን ድምፁ ደንቆሮ ይሆናል። ለማይክ ጥገና ብለው 1.8 ወይም 2.5 ማይክሮን ንጹሕ አልሙኒየም የሚሸጡ ሰዎች በኢንተርኔት አሉ። ለጀማሪ 2.5 ግዙ። 1.8ቱን በመጀመሪያ ሙከራችሁ ከነካችሁት ትሳደባላችሁ።

ስፋቱን ለማወቅ በከንፈሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በፕላስቲክ ካሊፐር ለኩ። ከዚያ በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ቀንሱ። ክፍተቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ሪባኑ 4.7 ገደማ ይሁን። ርዝመቱን ከሚያስፈልገው ሁለት ሴንቲሜትር አስረዝሙት፣ ሽንሽኑ ያሳጥረዋል፣ ጫፍ ለመያዝም ያስፈልጋል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ቅጠሉን በሁለት ስስ ወረቀቶች መካከል እንደ ሳንድዊች አድርጉት፣ የላይኛው ባለ ሚሊሜትር መስመር ቢሆን ይመረጣል። የብረት ማስመሪያ ተጫኑበት። አዲስ ምላጭ፣ ከወረቀቱ ያወጣችሁት አሁን የሆነ፣ አንድ ጊዜ ሳያመነቱ መሳብ። ምላጩ ትንሽ ከደነዘ ቅጠሉን ይጎትተዋል፣ ጠርዙ ይተለተላል፣ ጥርስ ያወጣል። ጥርስ ያወጣ ጠርዝ ከንፈሩን ይነካል። ስለዚህ አሥር ቁረጡና ሁለቱን ምረጡ። የሚባክን ነው ብላችሁ አትዘኑ፣ እኔ ዛሬም አምስት ቆርጬ አንድ ነው የማገኘው።

ለሽንሽኑ ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ማርሾች በሁለት ዘንግ ላይ አቁማችሁ ሪባኑን በመካከላቸው አሳልፉ። ከልጅ መጫወቻ የወጣ የፕላስቲክ ማርሽ በደንብ ይሠራል። ጥርሶቹ እርስ በርስ እስከ ጥግ እንዳይገቡ በመካከል ትንሽ ክፍተት ተዉ፣ አለዚያ ይቆርጡታል። ቀጥ ብሎ ካልገባ ሽንሽኑ ሰያፍ ይሆንና ሪባኑ ሲንጠለጠል ይጠማዘዛል። ያ ከሆነ ለማቃናት አትሞክሩ፣ ሌላ ውሰዱ።

አገጣጠም ላይ ደረስን። ማስክ አላችሁ አይደል? ሪባኑን በወረቀት ቁራጭ ላይ እንደተኛ አምጡት፣ በጣት አትያዙት፣ ላባችሁ ይቀራል። ቁንጥጫዎቹን በአልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ አስቀድማችሁ ወልውሉ። የላይኛውን ጫፍ አስተኙ፣ መሃል መሆኑን አይታችሁ ብሎኑን ጥቂት ያዙ። ከዚያ የታችኛውን በናስ ወረንጦ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ሽንሽኑ በጣም ትንሽ እስኪከፈት። ያዙት። መብራቱን ከጀርባ አብሩ። ሁለቱ መስመሮች እኩል ናቸው? ካልሆኑ ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ጫፉን በስቴኪኒ ገፋ አድርጉ። ይሄ ምልልስ ሃያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ወገብ ያማል፣ ወንበር ከፍ አድርጉ።

ውጥረቱን ለማወቅ ከሃያ ሴንቲሜትር ርቀት መዳፋችሁን እንደ ማራገቢያ አንድ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ። ሪባኑ ከላይ እስከ ታች እኩል መርገብገብና ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ደርቆ ከቆመ ተወጥሯል፣ ወፍራሙን ድምፅ ታጣላችሁ። ተርገብግቦ ተርገብግቦ እዚያው ከቀረ ልቅ ነው። ከሁለቱ ስህተት ልቅነት ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ትንሽ ጠበቅ ያለውን እመርጣለሁ፣ አዲስ ሪባን በራሱ ጊዜ ትንሽ ይለቃልና።

መግጠምና መስማት

ወንፊቱን ቶሎ ግጠሙ። ክፍት ሆኖ በቆየ ቁጥር የሆነ ነገር ይገባል። ወንፊቱ ከገባ በኋላ እፎይ ማለት ይቻላል፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ።

48 ቮልቱ ጠፍቷል? ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ልንገራችሁ። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ 48ቱ በሁለቱ ሽቦዎች እኩል ስለሚመጣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ከረንት አይፈስም፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዱ ሽቦ ግን ለቅጽበት እንኳ ከመሬት ጋር ከተነካካ ሙሉው ግፊት በትራንስፎርመሩ አልፎ ሪባኑን እንደ ወንጭፍ ይመታዋል። ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ የሚሆነው ይሄ ነው። የድሮ ማይኮች አንዳንዶቹ ደግሞ የትራንስፎርመራቸው መሃል ከመሬት ጋር የተገናኘ ስለሆነ በደህና ገመድም አይተርፉም።

ሌላ ማይክ አጠገቡ አቁማችሁ ሁለቱን አብራችሁ ቅዱ። ሲቀላቀሉ ድምፁ ከሳሳ ሁለቱን የውጤት ሽቦዎች አለዋውጡ። ከዚያ በማይኩ ዙሪያ እያወራችሁ ዙሩ። ከፊትና ከጀርባ እኩል መስማት አለበት፣ ከጎን ግን መደንቆር አለበት። ጎኑ ከሰማ ሪባኑ ተጠማዝዟል ወይም ወንፊቱ በትክክል አልተቀመጠም።

ምን ቅዱበት? እኔ ያቺን የመጀመሪያዋን ሬስሎ በመጨረሻ አስነስቼ መጀመሪያ ያቆምኳት ማሲንቆ ፊት ነው። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ በሌላ ማይክ ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ ያወጣል፣ ሪባን ያንን ያለዝበዋል፣ እንጨቱና ቆዳው ይሰማል። ስልሳ ሰባ ሴንቲሜትር አርቁት። ዋሽንት ከሆነ የትንፋሹ መንገድ ላይ አታቁሙት፣ ከጎን ይሁን። ከበሮ ደግሞ ሜትር ከዚያም በላይ ይራቅ፣ የከበሮ ንፋስ ከኔ "እፎይ" የባሰ ነው። ዘፋኝ ሲሆን ማይኩን ትንሽ ዘወር አድርጉት፣ "ፐ" እና "ጰ" በቀጥታ እንዳይመቱት።

ስትጨርሱ ቆሞ ይቀመጥ። ካስተኛችሁት ሪባኑ በክብደቱ እየረገበ ይሄዳል። ከቦታ ቦታ ስትወስዱት፣ ከክፍል ወደ ክፍልም ቢሆን፣ የፕላስቲክ ከረጢት አልብሱት። በአየር ውስጥ ማንቀሳቀስ ራሱ ንፋስ ነው፣ የመኪና በር በኃይል ሲዘጋም እንደዚያው።

አዲስ ሪባን ገጥማችሁ ከሆነ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ክፈቱትና መብራቱን ከጀርባ አብሩ። ትንሽ ለቆ ታገኙታላችሁ። የታችኛውን ቁንጥጫ አላልታችሁ ትንሽ ሳቡት፣ ዝጉት፣ ቀኑንና የቅጠሉን ውፍረት በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው፣ ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ፣ ያንን ወረቀት ይፈልገዋል።